የዝናብ ሒሳብ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ለጎርፏ እንዴት ስትከፍልና ስትመዘግብ ኖረች



ዲሲ ውስጥ ቤት ያላችሁ ሁሉ በየወሩ በሚመጣላችሁ የውሃ ቢል ላይ ሁለት መስመሮች ታገኛላችሁ። አንዱ የንጹሕ ወንዞች ክፍያ ነው፤ ሁለተኛው የዝናብ ውሃ ክፍያ ነው። ሁለቱም ከቧንቧ ለቀዳነው ውሃ የሚከፈሉ አይደሉም። ከሰማይ ወርዶ በጣሪያችንና በግቢያችን ላይ ለሚሮጠው ውሃ የሚከፈሉ ናቸው። አባላት ደብዳቤና ቢል እንዲነበብላቸው ወደ ማህበሩ ሲመጡ ደጋግመው የሚጠይቁን «ለዝናብም ይከፈላል እንዴ?» ብለው ነው።

አዎ፣ ይከፈላል። ለምን እንደሚከፈልና ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ግን የከተማዋን ታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። እኛ የማህበሩን ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ስለሆንን ታሪኩን ያየነው በሒሳብ መዝገብ በኩል ነው። ያገኘነውም አንድ ትልቅ ነገር ነው፦ ዋሽንግተን በጎርፏ ምክንያት ገንዘብ ብቻ አላጣችም፤ መዝገቧ በመበላሸቱ ለመቶ ዓመት ከንቲባዋንና ምክር ቤቷን የመምረጥ መብቷን አጥታለች። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአስፋልቱ ሥር ያለው ጅረት

ዋሽንግተን የተቆረቆረችው የፖቶማክና የአናኮስቲያ ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ነው። በመካከሏ ደግሞ ታይበር ክሪክ የሚባል ጅረት ይወርድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጅረቱን መንገድ ተከትሎ የዕቃ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ተሠራ። ቦዩ ግን የታሰበውን ያህል ንግድ አላመጣም። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ጀልባው ቀነሰ፣ ቆሻሻው በዛ። በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን፣ ማለትም ከ1861 እስከ 1865 ድረስ፣ ቦዩ በምክር ቤቱና በቤተ መንግሥቱ መካከል የተዘረጋ ክፍት የፍሳሽ መውረጃ ሆኖ ነበር።

በ1871 ኮንግረስ ዋሽንግተንን፣ ጆርጅታውንንና ዙሪያውን ያለውን ገጠር አንድ አድርጎ በአንድ አስተዳደር ሥር አዋለ። የመንገድና የቱቦ ሥራው ለሕዝባዊ ሥራዎች ቦርድ ተሰጠ። የቦርዱ ዋና አንቀሳቃሽ አሌክሳንደር ሼፐርድ የሚባል ሰው ነበር። ሼፐርድ የቧንቧ ሥራ ነጋዴ ስለነበር ቱቦ ያውቃል፤ ሥራም ይወዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ መንገዶች ተደለደሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች ተተከሉ፣ ብዙ ማይል የሚረዝም የፍሳሽ ቱቦ ተቀበረ። ያ የሚገማው ቦይ ተሸፈነ፣ ታይበር ክሪክም ከመሬት በታች እንዲሄድ ተደረገ። ዛሬ ኮንስቲቲዩሽን አቬኑ በሚባለው መንገድ ላይ የምንሄድ ሰዎች የምንረግጠው ያንን የተሸፈነ ቦይ ነው።

ሥራው ጥሩ ነበር። ችግሩ መዝገቡ ላይ ነው። ሥራው ሲጀመር የቀረበው ግምት 6.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ኮንግረስ ደግሞ የከተማዋ ዕዳ ከ10 ሚሊዮን ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ አበጅቶ ነበር። ቦርዱ ግን ሥራውን እያስቀደመ፣ ገንዘቡን እያስከተለ ሄደ። ለተቋራጮች በጥሬ ገንዘብ ፋንታ የክፍያ ማስረጃ ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ወረቀቱ በገበያ ላይ ከተጻፈበት ዋጋ በታች ይሸጥ ነበር። ሕጉ ከወጪው አንድ ሦስተኛው ድረስ መንገድ ዳር ባሉ ባለንብረቶች ላይ እንዲጣል ይፈቅድ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ሳይጠየቅ የተሠራለትን ሥራ ዋጋ እንዲከፍል ታዘዘ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፣ ዕዳውም እያሳሳቀ ከጣሪያው በብዙ ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

በ1873 በአገሪቱ የባንክ ቀውስ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተገለጠ። በ1874 ኮንግረስ መዝገቡን መረመረ፣ አስተዳደሩን አፈረሰ፣ ከተማዋንም በተሾሙ ኮሚሽነሮች ሥር አደረጋት። የትኛው ተቋራጭ ምን ያህል እንደሚገባው ለማጣራት የኦዲት ቦርድ ተቋቋመ። ዕዳውን ለመክፈል ቦንድ ተሸጠ። ወለዱ በዓመት 3.65 በመቶ ነበር። ይህን ቁጥር ልብ በሉ፦ በ100 ዶላር ላይ በቀን 1 ሳንቲም፣ በ365 ቀን 3 ዶላር ከ65 ሳንቲም ማለት ነው። ቦንዱ ተከፍሎ የሚያልቀው በ1924 ነበር። በሦስት ዓመት ለተሠራ ሥራ ከተማዋ 50 ዓመት ከፈለች ማለት ነው።

የከተማዋ ነዋሪዎች ከንቲባቸውንና ምክር ቤታቸውን እንደገና የመረጡት በ1974 ነው። ልክ መቶ ዓመት። በእርግጥ ምክንያቱ ዕዳው ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥቁሮች የመምረጥ መብት ካገኙ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር፤ ያንን መብት ማየት የማይፈልጉ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን የተበላሸው መዝገብ ለእነዚያ ሰዎች በር ከፈተላቸው። መብትን ለመንጠቅ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ የሚፈልገው አንድ ሰበብ ነው፤ ያልተያዘ ሒሳብ ደግሞ ጥሩ ሰበብ ይሆናል።

የተሸፈነው ጅረትም መንገዱን አልረሳም። በጁን 2006 ለቀናት ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው ያንኑ የድሮ መውረጃውን ተከትሎ በፌደራል ትራያንግል አካባቢ ተጠራቀመ። ከተጥለቀለቁት ሕንፃዎች አንዱ የፌደራል የግብር መሥሪያ ቤት ዋና ሕንፃ ነበር፤ ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ሕንፃም ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበታል። ግብር የሚሰበሰብበትና ሰነድ የሚቀመጥበት ቤት አንድ ላይ ጎርፍ ገባባቸው።

አንድ ቱቦ ለሁለት ውሃ

የ19ኛው መቶ ዓመት መሐንዲሶች ከሽንት ቤትና ከኩሽና የሚወጣውን ፍሳሽ፣ ከመንገድ ከሚወርደው ዝናብ ጋር በአንድ ቱቦ እንዲሄድ አድርገው ሠሩ። በዚያ ጊዜ እንደ ጥሩ አሠራር ይቆጠር ነበር፤ ዝናቡ ቱቦውን ያጥበዋል ይባል ነበር። በ1890 አንድ የመሐንዲሶች ቡድን ጉዳዩን አጥንቶ በአዲሶቹ ሰፈሮች ሁለቱ ውሃዎች በተለያየ ቱቦ እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረበ። ስለዚህ ዛሬ ከከተማዋ አንድ ሦስተኛው የሚሆነው የድሮው ክፍል አንድ ቱቦ፣ ሁለት ሦስተኛው ሁለት ቱቦ አለው።

አንድ ቱቦ ባለበት ክፍል ደረቅ ቀን ሲሆን ፍሳሹ በሙሉ ብሉ ፕሌንስ ወደሚባለው ማጣሪያ ይሄዳል። ማጣሪያው ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። ዝናብ ሲበዛ ግን ቱቦው ይሞላል። ያን ጊዜ ከ50 በሚበልጡ መውጫዎች የዝናቡም የሽንት ቤቱም ውሃ ተደባልቆ ወደ ወንዞቹና ወደ ሮክ ክሪክ ይለቀቅ ነበር። ከሁሉ የተጎዳው አናኮስቲያ ነው። በአማካይ ዓመት 80 ጊዜ ያህል እንዲህ ያለ ውሃ ይፈስበት ነበር። ከተማዋ በ1971 በወንዞቿ ውስጥ መዋኘትን ከልክላለች። ከአናኮስቲያ ማዶ የሚኖሩት በብዛት ጥቁር አሜሪካውያንና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች መሆናቸውን ካሰብን፣ ቱቦው ሲሞላ ዋጋውን ማን ይከፍል እንደነበረ ግልጽ ነው።

ሁለት ቱቦ ባለበት ክፍል ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የዝናቡ ውሃ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይገባል። የመኪና ዘይት፣ የፕላስቲክ ቆሻሻ፣ የሣር ማዳበሪያ ይዞ ይሄዳል። በቢላችን ላይ ሁለት መስመር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የንጹሕ ወንዞች ክፍያ የአንድ ቱቦውን ችግር ለመፍታት ለውሃ ድርጅቱ ለዲሲ ወተር ይሄዳል። የዝናብ ውሃ ክፍያው ግን የሁለት ቱቦውን ክፍል ለሚመለከተው ለከተማው የኢነርጂና አካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። ዲሲ ወተር ሁለቱንም በአንድ ቢል ይሰበስባል። ሁለቱንም ክፍያ የሚከፍለው የከተማው ባለንብረት ሁሉ ነው።

ክሱና ዋሻው

ይህ ነገር የተለወጠው በፍርድ ቤት ነው። በ2000 የአናኮስቲያ ወንዝ ተቆርቋሪ ማህበራት የውሃ ድርጅቱን ከሰሱ። ፌደራል መንግሥቱም ተጨምሮበት በ2005 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ተፈረመ። ድርጅቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ትልልቅ የማጠራቀሚያ ዋሻዎች ከመሬት በታች ሊቆፍር፣ ያደረገውንም በየሩብ ዓመቱ በጽሑፍ ሊያሳውቅ ግዴታ ገባ። የሥራው ጠቅላላ ወጪ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር ያላነሰ ነው።

የዋሻው ሥራ ቀላል ነው፦ ዝናብ ሲበዛ ድብልቁ ውሃ ወደ ወንዝ በመሄድ ፋንታ ወደ ዋሻው ይገባል፣ እዚያ ይጠብቃል፣ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ማጣሪያው ይሳባል። የአናኮስቲያው ዋሻ የመጀመሪያ ክፍል በማርች 2018 ሥራ ጀመረ። የመጨረሻው ክፍል፣ ከ5 ማይል በላይ የሚረዝመውና 23 ጫማ ስፋት ያለው የሰሜን ምሥራቁ ዋሻ፣ በሴፕቴምበር 2023 ተከፈተ። ሥራው ሲጠናቀቅ ወደ አናኮስቲያ የሚለቀቀው ድብልቅ ፍሳሽ በ98 በመቶ እንዲቀንስ ነው የታቀደው።

ለእኛ ለሴቶች ማህበር ደስ የሚል አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ዋሻ የሚቆፍሩ መኪናዎች እንደ መርከብ የሴት ስም ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያዋ መኪና ሌዲ በርድ ተባለች፤ በፕሬዚደንት ጆንሰን ባለቤት ስም ነው። ሁለተኛዋ ናኒ ነበረች፤ በናኒ ሄለን በሮውስ ስም። ናኒ በ1909 በዚችው ከተማ ለጥቁር ሴቶችና ልጃገረዶች የሥራ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ናት። ትምህርት ቤቱም በአብዛኛው የቆመው ጥቁር ሴቶች ከኪሳቸው ባዋጡት ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ነው። ሌላዋ መኪና ደግሞ ሉሲ ተባለች። ሉሲ ሲባል እኛ ድንቅነሽ ትዝ ትለናለች፤ ይችኛዋ ግን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሴት ተማሪዎች ዲን በነበረችው በሉሲ ዲግስ ስሎው ስም የተጠራች ናት። ከተማዋ ጎርፏን የምታስቀምጥባቸውን ጉድጓዶች የቆፈሩት በእነዚህ ሴቶች ስም የተጠሩ መኪናዎች ናቸው።

ለጎርፉ ማን ይክፈል?

በሒሳብ ሥራ ትልቁ ጥያቄ «ምን ያህል?» ሳይሆን «በምን መሠረት ይከፋፈል?» የሚለው ነው። ዕድር ውስጥም ይህንኑ እናውቀዋለን፤ መዋጮው በሰው ቁጥር ይሁን ወይስ በቤተሰብ የሚለው ጉዳይ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ያከራክራል።

ድሮ የጎርፉ ወጪ በውሃ ቆጣሪው ላይ ተጭኖ ይከፈል ነበር። ብዙ ውሃ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላል። ይህ ትክክል አልነበረም። አሥር ሰው የሚኖርበት አፓርታማ ብዙ ውሃ ይቀዳል፣ ጣሪያው ግን ትንሽ ነው። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ደግሞ አንድም ቧንቧ የለው ይሆናል፣ ጎርፍ የሚያወርደው ግን እሱ ነው። ስለዚህ በ2009 አዲስ አሠራር ተጀመረ። ክፍያው ውሃ በማያሰርገው መሬት ስፋት ሆነ፤ ማለትም ጣሪያ፣ ሲሚንቶ፣ አስፋልት ተለክቶ። ከተማው ስፋቱን የሚለካው ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶግራፍና በካርታ ነው። መለኪያው 1,000 ስኩዌር ጫማ እንደ አንድ ይቆጠራል። መኖሪያ ቤቶች በስድስት እርከን ተከፈሉ። ከ700 እስከ 2,000 ስኩዌር ጫማ ያለው ቤት አንድ መለኪያ ይከፍላል፤ ከዚያ ያነሰው 0.6 ብቻ።

አሁን ቁጥሩን እንይ። በ2009 የንጹሕ ወንዞች ክፍያ በአንድ መለኪያ በወር 1 ዶላር ከ24 ሳንቲም ነበር። በ2018 የበጀት ዓመት 25 ዶላር ከ18 ሳንቲም ደረሰ። የከተማው የዝናብ ውሃ ክፍያ ደግሞ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ 2 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነው። በ2018 አንድ መለኪያ ያለው ቤት ሁለቱን ደምሮ በወር 27 ዶላር ከ85 ሳንቲም፣ በዓመት 334 ዶላር ከ20 ሳንቲም ከፈለ ማለት ነው። ለአንድ ጡረተኛ እናት ይህ ቀላል አይደለም።

ለአብያተ ክርስቲያናት የበለጠ ከባድ ነው። ለምሳሌ ጣሪያውና የመኪና ማቆሚያው ተደምሮ 20,000 ስኩዌር ጫማ የሆነ ቤተ ክርስቲያን እንውሰድ። 20 መለኪያ ነው። በ2009 በወር 24 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይከፍል የነበረው፣ በ2018 503 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣበታል። በዓመት ከ6,000 ዶላር ያልፋል፤ ያውም የንጹሕ ወንዞች ክፍያው ብቻ ተቆጥሮ። ብዙ የእምነት ተቋማትና የመቃብር ቦታዎች ጩኸት ያሰሙት በዚህ ጊዜ ነው። ጩኸታቸው ባዶ አልቀረም። ከተማው ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ችግራቸውን በሰነድ ካሳዩ ከዚህ ክፍያ እስከ 90 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቋመ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦችም የቅናሽ መንገድ አለ። ከወጪውም የተወሰነው እጅ ወደ ፍሳሽ ክፍያው ተመልሶ እንዲዛወር ስለተደረገ መጠኑ በ2019 ወረድ አለ።

ሌላው ትልቅ ክርክር ከፌደራል መንግሥቱ ጋር ነበር። በዋሽንግተን ከፌደራል መንግሥት የበለጠ ጣሪያና አስፋልት ያለው ባለንብረት የለም። በ2010 አንዳንድ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች «ይህ ክፍያ ሳይሆን ግብር ነው፤ እኛ ደግሞ ለከተማ ግብር አንከፍልም» አሉ። ክርክሩ የቃል ይመስላል፣ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ነው። እነሱ ካልከፈሉ ድርሻቸው በእኛ ቢል ላይ ይወድቃል። ኮንግረስ ጉዳዩን ቆርጦ በጃንዋሪ 2011 ሕግ ወጣ፦ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ተገቢውን የዝናብ ውሃ ክፍያ እንደማንኛውም ባለንብረት ይከፍላሉ። ክርክሩን ለመዝጋት የረዳው ክፍያው በተለካ ስፋት ላይ የቆመ መሆኑ ነው። ግምት ቢሆን ኖሮ ማንም ይከራከረው ነበር።

የብድሩ ወረቀት

በየወሩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ዋሻ አያስቆፍርም፤ ዋሻ የሚያስቆፍረው ብድር ነው፣ ወርሃዊው ክፍያ ብድሩን ይመልሳል። በ2014 ዲሲ ወተር የ350 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ። የመክፈያው ጊዜ 100 ዓመት ነው፤ በ2114 ያልቃል። ወለዱ 4.814 በመቶ ነው። በእኛ ስሌት የዓመቱ ወለድ ብቻ ወደ 16.8 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

መቶ ዓመት ሲባል ያስደነግጣል። ወለዱ ሲደመር ከዋናው ብድር ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሌላውን ገጽ እንይ፦ ዋሻው ቢያንስ መቶ ዓመት እንዲያገለግል ተደርጎ የተሠራ ነው። ወጪው በሙሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢሰበሰብ ዛሬ ያለው ጡረተኛ ገና ላልተወለደ ሰው ይከፍል ነበር። ጥያቄው ብድሩ ረጅም ነው ወይስ አጭር የሚለው አይደለም፤ ዕዳውና ንብረቱ እኩል ዕድሜ አላቸው ወይ የሚለው ነው። የ1874ቱ ችግር ከተማዋ መበደሯ አልነበረም። ምን ያህል እንደተበደረች ማንም አለማወቁ ነበር።

በ2016 ደግሞ ሌላ ዓይነት ቦንድ ሸጡ፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ገንዘቡ በሮክ ክሪክ አካባቢ መንገድ ዳር ውሃ የሚያሰርጉ የአትክልት ጉድጓዶችና ንጣፎች ለመሥራት ዋለ። ልዩ የሚያደርገው ውሉ ነው። ሥራው ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ የሚወርደው ውሃ ይለካል። ጎርፉ ከ41.3 በመቶ በላይ ከቀነሰ ድርጅቱ ለአበዳሪዎቹ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ይጨምራል። ከ18.6 በመቶ በታች ብቻ ከቀነሰ አበዳሪዎቹ ያንኑ ያህል ለድርጅቱ ይመልሳሉ። በ2021 ውጤቱ ሲለካ ቅናሹ ወደ 20 በመቶ ተጠግቶ ተገኘ፤ ማንም ለማንም አልጨመረም። ደጋፊዎቻችን «የሰጠነው ገንዘብ ምን ለወጠ?» ብለው ሲጠይቁን ይህን ምሳሌ እናስታውሳለን። ከሥራው በፊት ያልተለካ ነገር ከሥራው በኋላ ተለወጠ ብሎ ማስረዳት አይቻልም።

ብሉሚንግዴል፣ 2012

ብሉሚንግዴልና ሌድሮይት ፓርክ የሚባሉት ሰፈሮች የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ ከከፈቱበት ከ9ኛው ጎዳናና ከዩ ስትሪት ብዙ አይርቁም። በ2012 ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ ጎርፍ ገባባቸው። ውሃው በበር ብቻ አይደለም የገባው፤ በምድር ቤቱ የሽንት ቤት ቱቦ ተመልሶ ወጣ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የአካባቢው ዋና ቱቦ የተቀበረው በ19ኛው መቶ ዓመት፣ የዛሬው ፍሎሪዳ አቬኑ የከተማዋ ድንበር በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መሬት ሁሉ ቤትና አስፋልት ሲሆን ቱቦው ያው ነበር።

ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም። ጎርፉን በፎቶግራፍና በቪዲዮ አነሱ፣ ስብሰባ ጠሩ፣ ባለሥልጣናቱን አስጠየቁ። ከንቲባው ግብረ ኃይል አቋቋመ፤ ሪፖርቱም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ወጣ። በመጀመሪያው ዕቅድ የሰሜን ምሥራቁ ዋሻ ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው ነበር፤ ጊዜው ተፋጠነ። እስከዚያው እንዲያገለግል ሉሲ የቆፈረችው የፈርስት ስትሪት ዋሻ ቀድሞ ተሠራ፤ 8 ሚሊዮን ጋሎን ውሃ ይይዛል። ምድር ቤት ላላቸው ቤቶች ፍሳሹ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚያግድ ቫልቭ ለማስገባት ድጎማ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ጎርፍ ገብቶበት ለማንም ያልነገረ ሰው በዚያ ሪፖርት ውስጥ አይገኝም። ምድር ቤት የተከራየ፣ እንግሊዝኛው ያልጠና፣ አከራዩን የፈራ፣ «ማን ይሰማኛል» ብሎ ምንጣፉን አውጥቶ ያደረቀ ሰው ለከተማው እንዳልደረሰበት ይቆጠራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሜሪላንድ የቀረው ምንድነው?

ብዙ አባሎቻችን የሚኖሩት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ስለሆነ ስለ እነሱም አንድ ቃል። በሞንትጎመሪ ካውንቲና በአሌክሳንድርያ ይህ ክፍያ የሚመጣው በውሃ ቢል ሳይሆን በቤት ግብር ቢል ላይ ነው። ሜሪላንድ በ2012 አሥሩ ትልልቅ አካባቢዎች ይህን ክፍያ እንዲያስከፍሉ ሕግ አወጣች። ተቃዋሚዎቹ «የዝናብ ግብር» ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙም በምርጫ ጊዜ ብዙ ሠራ። በ2015 ሕጉ ተሻሻለና ክፍያው በየአካባቢው ፈቃድ ሆነ። ነገር ግን አንድ ነገር ተጨመረ፦ ክፍያውን የተወም ቢሆን ለጎርፍ ሥራው ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ ዝርዝር የገንዘብ ዕቅድ በየጊዜው ማቅረብ አለበት። ክፍያውን መተው ተቻለ፣ ሒሳቡን ማሳየት ግን ግዴታ ሆኖ ቀረ። እኛ በዚህ እንስማማለን።

አሁን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቢላችሁን አውጡና መለኪያው ስንት እንደተጻፈ እዩ። ከቤታችሁ ወይም ከቤተ ክርስቲያናችሁ ስፋት ጋር የማይገጥም ከመሰላችሁ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ ሲሚንቶ አንስታችሁ አፈር ካደረጋችሁ ፎቶግራፉን ከነቀኑ አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ የቅናሽ ፕሮግራሞቹ ለጠየቀ ብቻ ናቸው። የዝናብ ውሃ በርሜልና አትክልት ላዘጋጀም ከከተማው ቅናሽ አለ። ማመልከቻ የሚሞላበት ቀን በማህበሩ ቢሮ ይዘጋጃል፤ የገቢ ማስረጃችሁንና የመጨረሻውን ቢል ይዛችሁ ኑ። የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባል የሆናችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ለሒሳብ ሹማችሁ አሳዩልን።

ሦስተኛ፣ ተከራዮች የሆናችሁ ቢሉ በስማችሁ ባይመጣም ክፍያው በኪራዩ ውስጥ አለ። ምድር ቤታችሁ ውሃ ከገባ ለአከራዩ በጽሑፍ፣ ለከተማው ደግሞ በ311 ስልክ አስታውቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ከፍታ ጻፉ። ቋንቋ ከቸገራችሁ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ በዲሲ ሕግ አማርኛ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሼፐርድ የቀበራቸው ቱቦዎች ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ። ያልሠራው መዝገቡ ነበር፤ ዋጋውንም የከፈሉት ቱቦውን ያልቀበሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በየወሩ የምንከፍለው ገንዘብ ከጣሪያችን ተነስቶ እስከ ዋሻው ድረስ በወረቀት መከታተል ይቻላል። የሚከታተለው ሰው ካለ ነው እንጂ። እኛም ከፋይ ነንና እንከታተል።